የነጠፈ ውሃ፣ የተነጠፈ አበባ

ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ነአኩቶ ለአብ የደረሰ ሰው፣ ከዓይኑ ቀድሞ ጆሮው ይነቃል። ጠብ… ጠብ… ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ አይደለም፤ በተፈጥሮ ዋሻ ሆድ ውስጥ የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ በዘመን ብዛት የተቦረቦሩ የድንጋይ ገበታዎች ይቀበሉታል፤ ያም ውሃ ጠበል ሆኖ ለምእመን ይታደላል። የአካባቢው አባቶች ሲተርኩ፣ ቦታው በስሙ የተጠራው ንጉሥ የጌታን ሕማም እያሰበ ያለቅስ ስለነበር ዐለቱ እንባውን ወርሶ እስከ ዛሬ ያነባል ይላሉ።

ስሙ ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። አኰተ በግእዝ «አመሰገነ» ማለት ነው፤ ነአኵት «እናመሰግናለን»፤ መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለችው ኦ «እርሱን»፤ ለአብ ደግሞ ያ «እርሱ» ማን እንደሆነ ትነግረናለች። «አብን እናመሰግነዋለን» እንደማለት ነው። በቅዳሴ የምንሰማው አኰቴት የዚሁ ግስ ልጅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የላስታው ንጉሥ በዚህ ስም ተጠራ፤ ቦታውም በንጉሡ ስም ቀረ። በጥንቱ አጻጻፍ ኵ የነበረችው ፊደል ዛሬ በብዙዎች እጅ ኩ ሆናለች። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ቃሉ ምን ያተርፋል፣ ምን ያጣል የሚለው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት አጭር ተክል ናት።

አዲስ አበባ ውስጥ ከመንገድ ዳር ችግኝ መሸጫ የገዛኋት ናት። ቅጠሏ እንደ ሕፃን ጣት የወፈረ፣ ውሃ የቋጠረ፤ ቁመቷ ከመሬት ስንዝር የማይሞላ፤ ስትስፋፋ አፈሩን ጨርሳ የምትሸፍን፤ አበባዋ ሐምራዊ ሆኖ የአበባው ቅጠል እንደ ፀሐይ ጨረር የቀጠነ። ስሟን ስጠይቅ ሻጩ «የፈረንጅ አበባ ነው» አለኝ። ያለው ነገር ግማሽ እውነት አለው። የዚህች ተክል ዘመዶች አብዛኞቹ ከደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ውሃ የሚቆጥብ የአትክልት ቦታ የሚፈልጉ ሰዎች ሣርን ነቅለው የሚተኩት በእነርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያው ወገን አንዷ የዕፀዋት ሊቃውንት በሚጽፉት ላቲን ዴሎስፐርማ አቢሲኒኩም ትባላለች። የሐበሻዋ ዴሎስፐርማ ማለት ነው። ከእኛ ደጋ ዐለት ላይ የበቀለች ተክል ስማችንን ይዛ በባሕር ማዶ መጻሕፍት ተመዝግባለች፤ እኛ ደግሞ እኅቷን «የፈረንጅ» ብለን እንገዛለን።

አቢሲኒያ የሚለው ስም ሐበሻ ከሚለው ነው የመጣው። በደቡብ ዐረቢያ ጥንታዊ ጽሑፎች ላይ ሐበሠት ተብሎ ተቀርጿል። የላቲን አንደበት ሐን ከጉሮሮ ማውጣት ስላልቻለ ፊደሏ ወድቃ አ ብቻ ቀረች። እኛም ሐን፣ ኀን፣ ሀን በአንድ ድምፅ ከምናነብ ሰዎች ወገን ነንና መውቀስ አንችልም።

የዚህ ተክል ወገን የጥንት ስም ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1684 የዳንዚጉ ያኮብ ብራይነ እነዚህን ተክሎች አይቶ ሜሴምብሪያንቴሙም አላቸው። ሜሴምብሪያ በግሪክ ቀትር ነው፤ አንቴሞን አበባ። የቀትር አበባ። ስሙ ያየውን ነገር የሚናገር ነበር፤ አበቦቹ ማለዳ ተከድነው፣ ፀሐይ ስትበረታ ተገልጠው፣ ሲመሽ ይታጠፋሉና። ቆይቶ ሌሊት የሚፈነዱ ዘመዶች ተገኙ። ስሙ ሐሰተኛ ሆነ። ያን ጊዜ ዲሌኒዩስ የተባለው ሊቅ ስሙን ሳይሽር አንዲት ፊደል ብቻ ለወጠ፤ በላቲኑ አጻጻፍ አዪን በዋይ ተካት። በጆሮ ሲሰማ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በሥርወ ቃል ግን ቀትር ጠፍቶ በምትኩ «ፅንስ» የሚለው የግሪክ ቃል ገባ፤ «ፅንሱ በመካከሉ ያለ አበባ» ሆነ። ሊኔዩስም በዚያው አጻጻፍ አጸናው።

ዴሎስፐርማ የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ኤን. ኢ. ብራውን ነው። ዴሎስ «ግልጽ፣ የሚታይ»፤ ስፐርማ «ዘር»። የፍሬዋን አሠራር ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደተሰጣት ይገባዋል። ፍሬዋ ደርቃ፣ ተዘግታ ወራት ትጠብቃለች። ውሃ ሲነካት እንደ ኮከብ ትከፈታለች፤ ብዙዎቹ ዘመዶቿ ዘራቸውን በሥሥ ክዳን ሲሸፍኑ የእርሷ ክዳን የለውምና ዘሩ ፊት ለፊት ይታያል። ከዚያ የዝናብ ጠብታ ጉድጓዱ ላይ ሲያርፍ ዘሩን አፈናጥቆ ይበትነዋል። ሌላው ተክል ፍሬው ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ይህች ስትርስ። ዝናብ በማይታመንበት አገር ዘርን ለጠብታ ብቻ መክፈት ትልቅ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበላት? እንግሊዞቹ መሬት የምትሸፍን ተክልን በአንድ ቃል ይጠራሉ። የእኛ የችግኝ ሻጮች «መሬት ላይ የምትሄደው» ይላሉ፤ ይገባል፣ ግን ስም አይደለም። ጉዝጓዝ የሚል አማረኝ፤ ጉዝጓዝ ግን የቄጠማ ነው፣ ለአንድ ቀን በዓል ተበትኖ ማግስቱን ይጠረጋል። የቆየሁት ንጣፍ ላይ ነው። ንጣፍ የሚለውን ቃል ስቆፍር ያገኘሁት ነገር ከተክሏ በላይ ልቤን ወሰደው።

ላሚቱ ነጠፈች እንላለን፤ ወተቷ ደረቀ። ምንጩ ነጠፈ እንላለን። የጋኑን ጭላጭ አንጠፍጥፎ ጠጣው እንላለን። በሌላ በኩል አልጋ አነጠፈች፣ ምንጣፍ ተነጠፈ እንላለን። አንዱ ማድረቅ፣ ሌላው መዘርጋት ነው። በአማርኛ ጆሮ አንድ ግስ ይመስላሉ። ወደ ግእዝ ስንወርድ ግን ሁለት ናቸው። መዘርጋቱ ነጸፈ ነው፣ በጸ፤ ምንጻፍ የሚለውም ከእርሱ ነው። መንጠፍጠፉ ነጠፈ ነው፣ በጠ፤ ውሃ ተንጠባጥቦ መውረድ፣ መጣራት። ዕብራይስጥም ናጣፍ ሲል ተንጠባጠበ ማለቱ ነው። አማርኛ የግእዝን ጸ በብዙ ቦታ ወደ ጠ ይለውጣል፤ ጸግበ ጠገበ ሆነ፣ ጾመ ጦመ፣ ጸብሐ ጠባ። በዚህ መንገድ ነጸፈ ወደ ነጠፈ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። መንጠባጠብ ወደ ማለቅ፣ ማለቅ ወደ መድረቅ ሄደ፤ ከጎኑ ደግሞ መዘርጋት መጥቶ አብሮት ኖረ።

ይህ የድምፅ አጋጣሚ እንጂ የትርጉም ዝምድና አይደለም። ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ሥርወ ቃልን የሚወድ ሰው ትልቁ ፈተናው የተመሳሰለውን ሁሉ ማዛመድ ነውና። ሆኖም ይህችን ተክል ለመትከል የሚያስፈልገው እውቀት በሁለቱ ግሶች መካከል አለ። ውሃ በነጠፈበት ቦታ የምትነጠፍ ናት። አፈሩም ውሃን የሚያንጠፈጥፍ መሆን አለበት፤ ጠጠርና አሸዋ የበዛበት፣ ዘንበል ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት። ጥቁር ዋልካ ላይ ቢተክሏት ክረምት ሥሯን አበስብሶ ይገድላታል። ፍግ ማብዛት ቅጠሏን ያወፍራል፣ አበባዋን ያሳንሳል። ቀንበጧን ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ሥር አሳድሮ፣ አፈር ላይ ጋደም ማድረግ ይበቃል። እስክትይዝ ድረስ ጥቂት ውሃ ትፈልጋለች፤ ከያዘች በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። ላስታን በመሰለ፣ ዝናቡን በሐምሌና በነሐሴ አፍስሶ ሌላውን ወር በሚጨክን አገር፣ ከድንጋይ ካብ ሥርና ከተዳፋት ጫፍ ላይ የምትመች እንዲህ ያለችው ናት።

ጥላ አልኩ። ይህም ቃል የጸና የጠ ታሪክ አለው። ጥላ ከግእዙ ጽላሎት ነው፣ ጸለለ ከሚለው፤ በጸ። ጠል ግን በግእዝም ጠል ነው፣ በጠ። ዐረብኛ ጥላን ዚል፣ ጠልን ጠል ይላል፤ ዕብራይስጥ ጥላን ጼል፣ ጠልን ጣል። በእነዚያ ቋንቋዎች ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ፣ እኛ ዘንድ በአንድ ፊደል ሥር ተገናኝተዋል። መሬት ላይ የተነጠፈችው ተክልም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ለአፈሩ ጥላ ሆና የሌሊቱን እርጥበት ቀትር እንዳይዘርፈው ትከላከላለች። ባዶ አፈርና የተሸፈነ አፈር ጎን ለጎን በእጅ ቢዳሰሱ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ስለ ቀትር ከተነሣ፣ አበባዋ በቀትር ስትገለጥ ቅጠሏ ግን የተዘጋ ነው። ውሃ አዘል ቅጠል ያላቸው ብዙ ተክሎች ቀን ቀን የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ውሃቸውን ይጠብቃሉ፤ ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከፍተው ይተነፍሳሉ። ሌሊት የሳቡትን አየር ኮምጣጣ አሲድ አድርገው ያከማቹታል፣ ቀን በፀሐይ ይሠሩበታል። ይህን ነገር በምላሱ ያገኘው ቤንጃሚን ሃይነ የተባለ ሰው ነው። ሕንድ አገር ሳለ የአንዲት ተክል ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ኮምጣጣ፣ ቀትር ላይ ጣዕም የሌለው፣ ወደ ማታ መራራ ሆኖ አገኘው፤ ያየውም እ.ኤ.አ. በ1815 ታተመ። ያቺ ተክል የእኛው የእንዳሁላ የሥጋ ዘመድ ናት።

እንዳሁላ ላይ ትንሽ ልቆይ። እርሷ የምትጠራበት ስም የማይቸግራት የደጋችን ተክል ናት፤ ቅጠሏ ሰፊና ወፍራም፣ ከአጥርና ከዐለት ሥር የምትበቅል፣ እናቶቻችን ቅጠሏን እሳት አስነክተው እባጭና ቁስል ላይ የሚያደርጓት። ስሟን ጆሮ ፈጥኖ «እንደ» እና «ሁላ» ብሎ ይሰነጥቃል። እኔ ይህን ስንጠቃ አልቀበልም። እንዶድን፣ እንሰትን፣ እንቆቆን፣ እንኮይን፣ እንቧይን፣ እንስላልን፣ እንጆሪን፣ እንግጫን በአንድ መስመር ደርድሩ። ይህን ሁሉ «እን» የግእዝ ግስ ብቻ ይዞ የሚፈታ ሰው የለም። ኦሮምኛ እንዶድን ሃንዶዴ፣ እንቆቆን ሃንቁ ይለዋል። የዕፀዋት ስሞቻችን ሥር በሴም ቋንቋዎች አፈር ብቻ አልቆመም፤ ወደ ኩሽ ቋንቋዎችም ዘልቋል። ላስታ ራሱ የአገው ምድር ነው፤ በአጎራባቹ ዋግ ኽምጣኛ ዛሬም ይነገራል። ላሊበላ የሚለውንም ስም ትውፊቱ በአገውኛ ፈትቶ ከንብ ጋር ያያይዘዋል፤ ሕፃኑን ንቦች ሲከቡት እናቱ ንግሥናውን እንዳወቁለት ተናገረች ይባላል። የአንድ አገር ተክል ስም የሚያውቀው ያንን አገር ቀድሞ የረገጠው ሰው ነው።

የእንዳሁላ የላቲን ስም ካላንኮዌ ፔቲቲያና ነው። ካላንኮዌ ከቻይንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ማኒላ የኖረው ኢየሱሳዊ ካሜል መዝግቦት፣ አዳንሶን እ.ኤ.አ. በ1763 የወገን ስም አደረገው። ፔቲቲያና ግን የሰው ስም ነው፤ ሐዘንም አለበት። አንቷን ፔቲና ካርተን ዲዮን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ ለፌብር የተባለ ሰው በመራው ጉዞ ወደ አገራችን መጥተው ዕፀዋት ሰበሰቡ። ሁለቱም አልተመለሱም። ካርተን ዲዮንን ወባ መሰል ትኩሳት፣ ፔቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰዳቸው። የሰበሰቡት ደረቅ ቅጠል ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻር በአቢሲኒያ ዕፀዋት መጽሐፉ አንዷን ካላንኮዌ በፔቲ፣ ሌላዋን በካርተን ስም ሰየመ። ሰዎቹ ስማቸው ይገባቸዋል፣ በነፍሳቸው የከፈሉበት ነው። እንዳሁላን አሳይቶ፣ ስሟን ነግሮ፣ መድኃኒትነቷን ያስረዳቸው ባላገር ግን ስሙ በየትኛውም ቅጠል ላይ አልተጻፈም። ለዚህ ነው የአገሬውን ስም መጠበቅ ዕዳ ነው የምለው።

ከዚህ የተሻለ ዕድል የገጠመው ቁልቋል ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን ከነአማርኛ ስሙ አወጣው፤ በዓመቱም ግሜሊን የላቲን ስም ሲሰጠው «የአቢሲኒያ» ብሎ ጠራው። የእሬትም ስም በአንድ ወቅት እንዲሁ ገብቶ ነበር፤ በርገር የሰየማት አንዲት የአገራችን እሬት ኤሩ ተብላለች፣ ከትግርኛው ዕረ። ትግርኛ ዕን ከጉሮሮ አጥብቆ ይዟታል፤ አማርኛ ለቅቋታል።

ወደ ዋሻው ልመለስና ስለ ጠበል ልናገር፤ ይህ ቃል ብዙ አከራክሮኛል። በግእዝ ጸበል ትቢያ ነው፣ ዐፈር። በአማርኛ ጠበል የተባረከ ውሃ ነው፤ ጸበል ብሎ የሚጽፈውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ጠብ አለ ከሚለው ያወጣዋል፤ ይህ ለጆሮ ይጥማል፣ ግን «ል»ን ሜዳ ላይ ይጥላታል። ዕብራይስጥ ታቫል ሲል ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አጠመቀ ማለቱ ነው፤ ፊደሎቹ ጠ፣ በ፣ ለ ናቸው። እኔ የምደግፈው ይህን ነው፤ ቃሉ ጠበል ነው፣ በጠ፣ የመንከር ቃል። ጸበል ብለው የጻፉት ደግሞ ጠ የተባለውን ሁሉ ወደ ጥንቱ ጸ ለመመለስ ከነበራቸው ትጋት የተነሣ ትቢያውን ከውሃው ጋር አገናኙት። በቤተ ክርስቲያን ዐፈሩም ይቀባል፣ እምነት ይባላል፤ ውሃውም ይጠጣል። ስለዚህ አጻጻፉ ቢሳሳትም ሰሚውን አላሳተውም።

ዐለቱን ውሃ እንዲሰጥ ያደረገውም ነገር ቃል አለው። ነቅዐ በግእዝ ተሰነጠቀ ነው፤ ነቅዕ ደግሞ ምንጭ። ግድግዳው ነቃ፣ መሬቱ ተነቃቃ፣ ንቃቃት የምንለው ከዚያው ነው። ምንጭ የዐለት ስንጥቅ ነው ማለት ነው። ተክሎቹም፣ እንዳሁላዋም እሬቱም፣ በላስታ ገደል ላይ የሚይዙት ያንኑ ንቃቃት ነው፤ አንድ እፍኝ ዐፈርና አንድ ክረምት ይበቃቸዋል።

ንቃቃት ላይ የያዘ ተክል ሌላም ጠላት አለው፤ ውርጭ። የቀትር አበባዎቹን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የበረዶ ተክል» ይሏቸዋል፤ ከወገኑ አንዷ ቅጠሏ ላይ በረዶ የመሰሉ ውሃ ያዘሉ ፍሬ መሳይ ነጠብጣቦች ስላሏት ነው። እኛ ግን በረዶን ለሰማይ፣ አመዳይን ለምድር ሰጥተናል። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን አቡነ ዮሴፍን በጥቅምት ማለዳ የወጣ ሰው አመዳዩን ሣሩ ላይ እንደ አመድ ተነስንሶ ያየዋል። ቃሎቹም ዘመዳሞች ናቸው፤ በግእዝ ሐመድ አመድና ትቢያ፣ ሐመዳ በረዶና ውርጭ ነው። የዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊትም ውርጭን በአመድ መስሎታል። ብዙ ውሃ አዘል ተክሎችን ከድርቅ ይልቅ አመዳይ ይገድላቸዋል፤ በቅጠላቸው ያለው ውሃ ሲረጋ ሴሎቻቸው ይጎዳሉ። እዚያ ከፍታ ላይ ተክሏን የሚተክል ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ከሆነ ድንጋይ ጥግ ያስጠጋት፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስላታል።

የነአኩቶ ለአብ በዓል ኅዳር 3 ይውላል። ዘመነ ጽጌ ያን ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ማኅሌተ ጽጌ ከመስከረም 26 ጀምሮ አርባ ቀን ያህል ሲቆም ኖሮ መዝጊያው ደርሷል። ጽጌ አበባ ነው፣ በጸ። ይህን ጸ አማርኛ አልነካውም፤ ጽጌረዳ ውስጥ እንዳለ ቆሟል። አደይ አበባ በዚያ ጊዜ ደርቋል፤ ሜዳው ቢጫነቱን ጥሏል፤ ዝናቡ ሄዷል። አበባ ማየት የሚፈልግ ከዚያ ወዲያ ወደ ዐለቱ ይሂድ።

ለተክሏ ስም ልስጣት ብዬ ነበር የጀመርኩት። የቀትር ንጣፍ እላታለሁ፤ ብራይነ ያያትን ቀትር መልሼ፣ ከእኛ ነጸፈ ጋር። ይህ ግን የእኔ ስያሜ ነው። ላስታ፣ ዋግ፣ ሰሜን፣ ጎጃም፣ ትግራይ ዐለት ሥር ያደጋችሁ አንባቢዎች፣ ከብት ስትጠብቁ ከድንጋይ ላይ የለቀማችኋትን ያቺን ወፍራም ቅጠል የምትጠሩበት ስም ካላችሁ፣ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ፤ ስሙን በጸም ይሁን በጠ፣ በሐም ይሁን በሀ፣ እንደሰማችሁት ጻፉት፤ የመንደሩንም ስም ከጎኑ አኑሩ።